አባቴ የስፌት መኪና የለመደበት ክረምት

በጡረታ በተሰናበትኩበት ዓመት አንድ ቀን ከስታዲየም ሚኒባስ ተሳፍሬ ካዛንቺስ ወረድኩ። ያደግሁበት መንደር ከፊሉ ፈርሷል፤ ከፊሉ ደግሞ ተራውን ይጠብቃል። የልጅነት ቤታችን ነበረበት ብዬ በገመትኩት ቦታ ላይ የመስታወት ሕንፃ ቆሟል። ምድር ቤቱ ውስጥ የልብስ ስፌት ቤት መኖሩን ከውጭ ስላየሁ፣ የሚሰፋ ጨርቅ ሳልይዝ፣ ለማየት ብቻ ገባሁ።

መኪናዎቹ ብዙ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ሥራ ነበራቸው። አንዷ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ትሰፋለች፤ አንዷ የጨርቁን ዳር እየቆረጠች ትከፍፋለች፤ አንዷ ከቁልፍ ቀዳዳ በቀር ሌላ ሥራ አታውቅም። ከጥግ የቆመችው ትልቋ ደግሞ ብዙ መርፌዎቿን እንደ ማበጠሪያ ደርድራ፣ ማንም ሳይነካት የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፋለች። አጠገቧ የቆመው ወጣት ትኩር ብዬ ማየቴን አይቶ ቀረበኝ።

«ማዘር፣ ይቺ እኮ በቃ ለብቻዋ ናት» አለኝ። «ማለቴ፣ እኔ ዲዛይኑን በኮምፒዩተር እሰጣታለሁ፣ ከዚያ ሻይዬን እጠጣለሁ።»

ክሯ ቢበጠስስ ብዬ ጠየቅኩት። ራሷ ትቆምና እንደምትጠራው ነገረኝ። እግሩ ምን ሥራ እንዳለው ስጠይቀው ግን ግራ ገብቶት ጫማውን ተመለከተ። መልስ ሳልጠብቅ ወደ ውስጥ ጠጋ አልኩ፤ ምክንያቱም አፍንጫዬ አንድ ነገር ይዞ ነበር። የሞቀ የመኪና ዘይትና ገና ውኃ ያልነካው ጨርቅ ሽታ ነው። ከዚያ በኋላ ወጣቱ የነገረኝን ሁሉ በጨዋነት ራሴን እየነቀነቅኩ አዳመጥኩት እንጂ፣ እኔ ሌላ በረንዳ ላይ ነበርኩ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ጣሊያን ከሠራቸው ባለ በረንዳ ቤቶች ጀርባ፣ በወይዘሮ አረጋሽ ግቢ ውስጥ በኪራይ የያዝናት አንዲት ክፍል ነበረች። አባቴ ሸማኔ ነበር። ከክፍላችን አጠገብ ባለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በአፋፉ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች ሰድዶ ይሠራል። ከላይ እጆቹ ማጉን የያዘውን መወርወሪያ በድሩ መካከል ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይልኩታል፤ ከታች የማላያቸው እግሮቹ ሁለቱን መርገጫዎች ተራ በተራ ይረግጣሉ። እናቴ የምትፈትለውን ጥጥ እሱ ሸማ ያደርገዋል።

እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሥራ ማለት የሰው ግማሽ አካል መሬት ውስጥ የሚገባበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ከግቢያችን ልጆች አንዷ አባቷ ቢሮ እንደሚሠራ በነገረችኝ ጊዜ፣ ቢሮው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ጠይቄያታለሁ። እሷም ብትሆን አላፈረችም፤ የአባቷ ከእኔ አባት ጉድጓድ በጣም እንደሚጠልቅ ነገረችኝ።

የዚያ ዓመት ክረምት በሐምሌ ገና ሲጀምር ከባድ ነበር። አንድ ቀን ሲዘንብ ውሎ ከላይ በኩል ይሁን ከየት የመጣ ጎርፍ የግቢውን አጥር ጥሶ ገባ፤ ጉድጓዱም እስከ አፉ ሞላ። አባቴ በጣሳ እየቀዳ ለማድረቅ ሞከረ። ውኃው ከታች እየመነጨ መልሶ ይሞላል። ወይዘሮ አረጋሽ ክፉ ሴት አልነበሩም። ሆኖም በዚያ ቦታ ላይ የምትከራይ ክፍል ለማሠራት ቀደም ብለው አስበው ኖሮ፣ ውኃው ሰበብ ሆነላቸው። በሳምንቱ ድንጋይና ፍርስራሽ በጋሪ አስመጥተው ጉድጓዱን ሞሉት። አባቴ ዕቃውን ፈትቶ እንጨቶቹን ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ አቆማቸው። ቆሞ ሲሠራ ሳየው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፤ እንዲያ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ አልጋው ሥር ጥጥ እየባዘትኩ ነበር። አባቴ ወደ አገር ቤት፣ ወደ ቡልጋ፣ መመለስ እንደሚሻል ተናገረ። ወንድሙ ቤት ቦታ አለ፤ ጉድጓድ ለመቆፈርም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። እናቴ መፍተሏን ቀጠለች። እንዝርቷን ስታሾር ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ አቆመቻት።

«እኔ አገሬን አልጠላሁም» አለች። «ልጅቷ ግን ዘንድሮ ትምህርት ቤት ትገባለች ብለኸኛል። እዚያ ማን ያስተምራታል?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተነጋገሩ። በመጨረሻ የተስማሙበትን ግን ሰማሁ። እስከ ዕንቁጣጣሽ ሌላ ሥራ ካገኘ እንቆያለን፤ ካላገኘ ከበዓሉ ማግስት እንሄዳለን። ትምህርት ቤት የሚባለውን ነገር ከውጭ ብቻ ነበር የማውቀው። አጥሩ ረጅም ነው፤ ከውስጡ የብዙ ልጆች ድምፅ አንድ ላይ ሲወጣ ይሰማል። ወደዚያ ድምፅ መግባት እንደምፈልግ ያወቅሁት መግባቴ ሲያጠራጥር ነው።

በመንገዱ ዳር በረንዳ ላይ የሚሠሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጋሽ ነስሩ ይባላሉ። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው ወጥተው ድሬዳዋ ሙያ ለምደው፣ ከዚያ ካዛንቺስ ቀርተዋል። ክረምት ማለት ለእሳቸው የዩኒፎርም ጊዜ ነው፤ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ። በዚያ ዓመት ደግሞ አብሯቸው የሚሰፋው ሰው አግብቶ ወደ አገሩ ስለ ሄደ ብቻቸውን ነበሩ። አባቴ የጉድጓዱን ነገር ሲያጫውታቸው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው ስለ እጁ ጠየቁት። ክር የሚያውቅ እጅ ከምንም ይሻላል አሉ። እስከ ዕንቁጣጣሽ ይሞክር፤ ከለመደ መቀመጫው የእሱ ነው፤ ካልለመደ ደግሞ ተመራርቀው ይለያያሉ።

በረንዳው ላይ ሦስት መኪናዎች ነበሩ። አንደኛዋ የእጅ መኪና ናት፤ በቀኝ እጅ እጀታዋን እያዞሩ ጨርቁን በግራ ብቻ ይመሩበታል። ጋሽ ነስሩ ሙያ የጀመሩባት እሷ ስለሆነች አይሸጧትም፤ ለቁልፍና ለጥቃቅን ነገር ያቆዩዋታል። ሁለተኛዋ የእግር መኪና ናት፤ ከብረት እግር ላይ ተተክላ፣ ከታች ባለው ሰፊ መርገጫ በቆዳ ቀበቶ ትዞራለች። ሦስተኛዋ በኮረንቲ የምትሠራ አዲስ መኪና ስትሆን፣ ኮረንቲው ገና በረንዳው ድረስ ስላልተዘረጋ በነጭ አቡጀዲ ተሸፍና ትቀመጣለች። እኔ ደግሞ በነጭ የተሸፈነ ነገር ሁሉ የሞተ ይመስለኝ ስለነበር፣ በአጠገቧ ሳልፍ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

እናቴ ከሰፈር ሴቶች ጋር ጥጥ ስትሸጥ እኔ ከአባቴ ጋር እውላለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ነገር መርፌዋን ነው። የእናቴ መርፌ ቀዳዳዋ ከላይ፣ ከጭራዋ በኩል ነው። የመኪናዋ መርፌ ግን ቀዳዳዋ ከታች፣ ከጫፏ ላይ ሆነ። ተገልብጣ የተሰካች መሰለኝና ለጋሽ ነስሩ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

አልሳቁብኝም። ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ሙያ ያስተማሯቸው አርመናዊ አሮጌ ሰው የነገሯቸውን ነገሩኝ። ፈረንጆች የሚሰፋ መኪና ለመሥራት ብዙ ዘመን ደክመዋል። ሁሉም የሰው እጅ እንደሚሰፋው ሊያሰፏት ስለሞከሩ አልሆነላቸውም፤ መርፌዋ ጨርቁን አልፋ ሄዳ ዞራ እንድትመለስ ይፈልጋሉ። በኋላ አንዱ ቀዳዳዋን ወደ ጫፏ አወረደው፤ መርፌዋም ማለፍ ሳያስፈልጋት ክሩን ብቻ አቀብላ ተመለሰች። ነገሩ የተሳካው ያን ጊዜ ነው አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ አባቴ እያዩ ሌላም ጨመሩ። በፈረንጅ አገር አንዱ ሰው መኪናዎች ደርድሮ ልብስ ሲያሰፋ፣ የከተማው ሰፊዎች እንጀራችንን ሊወስድ ነው ብለው ገብተው ሰባበሩበት።

አባቴ ክር መጠቅለሉን አቆመ። «ከዚያስ ምን ሆኑ?» አላቸው።

«ከዚያማ ገዝተው ሰፉባት» አሉት።

አባቴን ያስቸገረችው መርፌዋ አልነበረችም። እግሩ ነው። የስፌት መኪና መርገጫ አንድ ሰፊ ብረት ነው፤ ሁለት እግር አብሮ ያርፍበታል፤ ተረከዝና ጣት እየተቀባበሉ፣ ሁለቱም እግሮች እኩል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዙታል። አባቴ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያለ ሲረግጥ የኖረ ሰው ነው። መርገጫውን በቀኝ ሲገፋው ከመኪናዋ ጎን ያለው ተሽከርካሪ ብረት ግማሽ ዙር ይሄዳል፤ ግራው በተራው ሲመጣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። መኪናዋ ትንተባተባለች፤ ክሩ ይጠመዘዛል፤ ይበጠሳል። አንዳንዴም መርፌዋ ትሰበራለች። ጋሽ ነስሩ የተለየ ነገር አይናገሩም፤ ሌላ መርፌ ከቆርቆሮ ሳጥናቸው ያወጣሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ አይገጥመውም ነበር አሉ አንድ ቀን። ምንም የማያውቅ ሰው እግሩ ባዶ ስለሆነ በቀላሉ ይሞላል፤ የአባቴ እግር ግን ሙሉ ነው።

መንገደኛው ሁሉ ያያል። በረንዳ ነውና መሸሸጊያ የለም። አንድ ጋሪ የሚገፋ ጎልማሳ፣ በየቀኑ ሲያልፍ ቆም ይልና፣ «ዛሬስ ወዴት እየሄደች ነው፤ ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ?» ይላል። አባቴ ፈገግ ይላል፤ ግን ጆሮው ይቀላል። ማታ ቤት ስንገባ እናቴ እንዴት ዋልክ ስትለው፣ ደኅና፣ ብቻ ይላታል። እሷም የተሰበሩትን መርፌዎች ከኪሱ ውስጥ አግኝታቸዋለች፤ ሆኖም አንድም ቀን አላነሳችበትም።

ነሐሴ ሲጋመስ አባቴ የተወው መሰለኝ። አንድ ቀን ጠዋት ከመኪናዋ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ቁልፍ ብቻ ሲተክል ዋለ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ነስሩ የእግር መኪናዋን የታችኛውን ክር ሊቀይሩ ከመርፌዋ አጠገብ ያለችውን ትንሽ የብረት ክዳን ገፋ አድርገው ከፈቷት። ከውስጥ ጣት የምታህል፣ ሁለት ጫፏ የሾለ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አወጡ። ክር በሆዷ ውስጥ ተጠቅልሏል። አባቴ የያዘውን ቁልፍ አስቀምጦ ተነሳ።

እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው። በመዳፉ ላይ አገላበጣት፤ በአውራ ጣቱ ጫፏን ነካ።

«ይህቺ መወርወሪያ ናት» አለ።

ጋሽ ነስሩ የታችኛዋ ከማለት በቀር ስም አውጥተውላት እንደማያውቁ ነገሩት። አባቴ ግን አልሰማቸውም። መልሰው እንዲያስገቡለትና ተሽከርካሪውን በእጃቸው ቀስ ብለው እንዲያዞሩት ለመናቸው፤ ጎንበስ ብሎ ከክዳኗ ሥር አየ። መርፌዋ ክር ይዛ ወረደች፤ ልትመለስ ስትል ክሩ ትንሽ ላላ፤ መወርወሪያዋ በላላው ክር መካከል ሾልካ አለፈች። አባቴ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። በማያውቀው ከተማ የአገሩን ሰው ያገኘ ሰው ፊት ነበር። ድርና ማግ ነው፤ ያው እኛ የምንሠራው ነው፤ በትንሽ ሣጥን አስገብተውት ነው እንጂ፣ እያለ ለጋሽ ነስሩ ሲያስረዳ፣ እሳቸው የዕድሜ ልክ መኪናቸውን እንደ አዲስ ጎንበስ ብለው ያዩ ነበር።

«እንግዲህ ዘመድ ከሆናችሁ» አሉት በመጨረሻ፣ «እግርህን ስጠኝ።»

ከቁርጥራጭ ጨርቅ ክምራቸው ውስጥ ረዘም ያለች የካኪ ጥብጣብ መዘዙ። አባቴን መኪናዋ ላይ አስቀምጠው፣ ሁለት እግሮቹን አስጠግተው ከቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰሯቸው። ወላሂ፣ ከዚህ በኋላ አንዱ ያለ አንዱ የትም አይሄድም አሉ። ጋሪ ገፊው ያን ዕለት ከመደበኛ ሰዓቱ በላይ ቆመ።

እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው። አባቴ መርፌ ስለ ሰበረ የተቀጣ መሰለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በሚቀጥለውም ቀን ሲታሰር አየሁ፤ በሚቀጥለውም። አባቴ ምንም አለማለቱ ይበልጥ አስጨነቀኝ። ትልቅ ሰው እግሩን ታስሮ ዝም ካለ ጥፋቱ ከባድ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ አንድ ቀን ጨርቅ ለቃሚ መስዬ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። የመርገጫው ብረት በፊቴ ላይ ይወዛወዛል፤ ዘይት ይሸታል። አባቴ ክር ሊያስገባ ባቆመ ቁጥር ቋጠሮዋን ትንሽ ትንሽ አላላኋት፤ በመጨረሻ ተፈታችና ጥብጣቧ ወለሉ ላይ ወደቀች። እንዲያመልጥ ጠበቅኩ።

አባቴ አላመለጠም። መስፋቱን ቀጠለ። እግሮቹ ከፊት ለፊቴ ናቸው፤ የሚይዛቸው ነገር የለም፤ ሆኖም እኩል ይወርዳሉ፣ እኩል ይነሳሉ። የመኪናዋ ድምፅ እንደ መንተባተብ መሆኑ ቀርቶ አንድ ወጥ ሆኗል። እዚያው ሥር ቁጭ ብዬ ብዙ አዳመጥኩት።

ጋሽ ነስሩ ድምፁን ሰምተው ሳይሆን አይቀርም ከመቁረጫ ጠረጴዛቸው ቀና አሉ። ወደ ታች ሲያዩ ጥብጣቧን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም እንድል አመለከቱኝ። አባቴ የሱሪውን ጎን ጨርሶ ክሩን እስኪቆርጥ ከጠበቁ በኋላ ነው በስሙ የጠሩት።

«ተሰማ፣ ማን ፈታህ?»

አባቴ እግሩን አየ። ለጊዜው እንደ ገና ሊሳሳትና ተራ በተራ ሊረግጥ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ነገር ግን ሁለተኛውን ጎን አንስቶ ከመርፌዋ ሥር አስገባና ሰፋው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ጥሩ ነበሩ። ጋሽ ነስሩ ይቆርጣሉ፤ አባቴ ይገጥማል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። አባቴ መቀስ አይነካም። ለሸማኔ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነገር ነው፤ ነጠላውም ጋቢውም በልኩ ተሠርቶ ያልቃል፤ መቀስ የሚነካው ሥራው ሲፈጸም አንዴ ብቻ ነው። ጤነኛ ጨርቅ በመቀስ መሸንሸን የታረደ ነገር እንደ ማየት ይሆንበታል። ጋሽ ነስሩ ሲቆርጡ ዞር ብሎ ይቀመጥ ነበር። እሳቸውም ይህን አይተዋል። «ቆርጦ የማይሰፋ ሰው ረዳት ይሆናል እንጂ ሰፊ አይሆንም፤ እኔ ሁለት ደመወዝተኛ የማኖርበት በረንዳ የለኝም፤ ከዩኒፎርሙ በኋላ መቀመጫውን የምሰጠው ለሰፊ ነው» አሉት። በጨዋ ድምፅ ነው የተናገሩት፤ አባቴም ልክ ነው አላቸው።

ጳጉሜ ሲገባ ከጋሽ ነስሩ አገር መልእክት መጣ፤ ታላቅ ወንድማቸው ታመዋል። ጋሽ ነስሩ የተቆረጡትን ሁሉ ለአባቴ አስረክበው በዚያው ቀን ሄዱ። የእኔ ዩኒፎርም ግን አልተቆረጠም ነበር። የራሳችን ነው ተብሎ ለመጨረሻ ቆይቶ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ልጆች ከበዓሉ በኋላ ሲመዘገቡ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው እንዲመጡ አዟል። እናቴ የገዛችው ሰማያዊ ፖፕሊን ተጣጥፎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሌላ የለም።

በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ አባቴ የተሰጠውን ሁሉ ሰፍቶ ጨረሰ። ከዚያ ሰማያዊውን ጨርቅ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እጁን ታጠበ። መቀሱን አነሳ፤ አስቀመጠው። ወደ መንገዱ ወጥቶ ትንሽ ቆመና ተመለሰ። እኔን አቁሞ ጨርቁን በትከሻዬ ላይ ጣለው፤ በክንዱና በስንዝሩ ለካኝ። የጋሽ ነስሩን ሜትር አልነካውም። መስመር የሚያሰምሩበትን የሳሙና ስባሪያቸውንም አልነካም። በምትኩ ከጨርቁ ዳር አንዲት ክር በጥፍሩ ይዞ፣ ሳይበጥሳት፣ ቀስ እያለ ከዳር እስከ ዳር ሳባት። ክሯ የወጣችበት ቦታ ጨርቁ ላይ ቀጭን መንገድ ሆኖ ቀረ። በዚያ መንገድ ላይ መቀሱን ነዳው። ከዚያ ሁለተኛውን ክር ሳበ።

እንዲህ የተቆረጠ ቀሚስ ቀጥ ያለ ነገር ብቻ ነው የሚኖረው። ፊቱም ጀርባውም እጅጌውም አራት ማዕዘን ሆነ። ከብብቴ ሥር ትንሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ ገባ፤ ወገቡ ላይ ተሸበሸበ፤ ከታች ለማደጊያዬ ሰፊ እጥፋት ተያዘ። አንገቱ ላይ የሚገባው ነጭ ኮሌታ ግን በትምህርት ቤቱ ደንብ ክብ ነው። ክብን ክር ስቦ መቁረጥ አይቻልም። አባቴ ነጩን ጨርቅ ይዞ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ኮሌታዬም አራት ማዕዘን ሆነ። ከተቆረጠው ጨርቅ የቀረው ትርፍ በአንድ እጅ የሚጨበጥ ነበር።

ጋሽ ነስሩ በበዓሉ ማግስት ተመለሱ። ወንድማቸው ተሽሏቸው ነበርና ፊታቸው ቀልሏል። አባቴ ሰላምታውን እንደጨረሰ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረላቸው። እናቴም ጥጥ የምትሸጥ መስላ መጥታ በረንዳው ደረጃ ላይ ቆማለች። እሳቸው መጀመሪያ ገለበጡትና ውስጡን አዩ። ስፌቱን በሁለት እጃቸው ይዘው በኃይል ጎተቱት። ከዚያ ፊቱን መልሰው ኮሌታው ላይ ቆዩ።

«ክብ የሚባል ነገር ሸማኔ ቤት የለም ለካ» አሉ።

አባቴ እንዲያስተካክሉለት ጠየቃቸው። እሳቸው ግን ተወው፣ ልጂቱ ከሩቅ ትለያለች አሉት። መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው በእጀታው በኩል ዘረጉለት።

«ቀጥ ቀጡን አንተ ትቆርጣለህ፤ ክቡን እኔ አሳይሃለሁ። መቀመጫው ያንተ ነው።»

እናቴ ከደረጃው ወረደች። ጥጧን አንስታ ወደ ቤት ስትመለስ እርምጃዋ ይፈጥን ነበርና ልደርስባት ሮጥኩ።

ለምዝገባው አባቴ ራሱ ወሰደኝ። ከአጥሩ ውስጥ ስገባ ያ ከውጭ የምሰማው የብዙ ልጆች ድምፅ ከበበኝ፤ ከሁሉም አንገት ላይ ክብ ነጭ ኮሌታ ይታያል። እጄን ወደ ኮሌታዬ ልኬ ልሸፍነው ሞከርኩ፤ አባቴ እጄን ይዞ ቀስ ብሎ አወረደው። ተራችን ደረሰ። የመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ዛፍ ሥር ነበር። ወጣት ሴት ናት፤ ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ የአባቴን ስም ጠይቃ ጻፈች። ከዚያ ቀና ስትል ኮሌታዬን አየችና ዓይኗ እዚያው ቆየ። ደንቡ እንደዚህ አለመሆኑን ልትናገር ነው ብዬ ወደ አባቴ ተጠጋሁ። ጎንበስ ብላ በጣቷ ማዕዘኑን ነካችው።

«ማን ነው የሰፋላት?»

«እኔ ነኝ» አላት አባቴ።

ራሷን ነቀነቀች፤ ስለ ደንቡም ሳታነሳ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። የአባት ሥራ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። አባቴ ዞር ብሎ ተሰላፊዎቹን አየ። ከኋላችን የቆሙት አባቶች ጸሐፊና ሾፌር፣ ነጋዴና ወታደር ናቸው፤ ሸማኔነት ደግሞ በዚያ ዘመን ሰው በሞላበት ድምፅን ከፍ አድርጎ የሚናገሩት ሥራ አልነበረም። ልብስ ሰፊ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እውነትም ነው።

«ሸማኔ ነኝ» አለ። «ልብስ ሰፊም ነኝ።»

«የትኛው ይጻፍ?»

«ሁለቱም።»

ቦታው አንዲት መስመር ብቻ መሆኗን አሳየችው።

«ግድ የለም» አላት አባቴ፤ «አስጠግተው ይጻፏቸው።»

መዝጋቢዋ ፈገግ ብላ ብዕሯን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም። ሆኖም ከእኔ በፊት ከተመዘገቡት ልጆች ይልቅ በእኔ አባት ሥራ ላይ ብዕሯ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሄድ አየሁ፤ ፊደሎቹን እያሳነሰች፣ መስመሯ እስከ ዳር እስክትሞላ ድረስ።